ከዲላ እስከ ቱቱ ፈላ፦ ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው ጉዞ

የመጋቢ ቤት ዕረፍት እንደማያውቅ ከመካከላችሁ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ከባለቤቴ ጋር ከአዲስ አበባ የወጣንባቸውን ቀናት ስቆጥራቸው ሁሉም ወይ ጉባኤ፣ ወይ ሠርግ፣ ወይ ለቅሶ ነበሩ። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠርተውን “አንድ ሳምንት ሂዱና ዕረፉ፤ ስልካችሁንም ዝጉ” ሲሉን መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነበር። ቤት ስንገባ “ምን አጥፍተን ይሆን?” ብዬ ብጠይቀው ባለቤቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

እኔን ያማረኝ ላንጋኖ ነበር፤ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ማንም ሳይጠራኝ ዓሣ መብላት። እሱ ግን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ “ጌዴኦ እንሂድ” አለኝ። “ጌዴኦማ ስንቴ ሄድን!” አልኩት። የትውልድ አገሩ ስለሆነ ከሰባት ጊዜ ያላነሰ ሄጃለሁ። “ሄደሻል እንጂ አላየሽውም። ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ ቡና ጠጥተሽ ነው የምትመለሺው” አለኝ። አልዋሸም። የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ገጠር ስገባ ጊዜዬ የሚያልቀው ሰው በመሳምና ጫማዬን ከጭቃ በመጠበቅ ነው። ላንጋኖዬን ለሌላ ጊዜ አሳደርኩት።

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሳፍረን ሐዋሳ ላይ ምሳ በላን። ከሐዋሳ በኋላ አፖስቶን ስናልፍ አገሩ መልኩን ይለውጣል። ሜዳው ያልቅና ዳገት ይጀምራል፤ አየሩ ይረጥባል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴው እየተጠጋ መጥቶ መስኮቱን የሚነካ ይመስላል። በዚህ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር በስተግራ ያለውን ተራራ “ጫካው” እያልኩ ነበር የምጠራው። በዚህኛው ጉዞም እንደ ልማዴ “ይህ ጫካ ግን ሳይመነጠር እንዴት ቀረ?” አልኩ። ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝና “ጫካ አይደለም እኮ፤ የሰው ጓሮ ነው” አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። እናንተም ሳታውቁ እንዳታልፉ እንደነገረኝ ልንገራችሁ። የጌዴኦ ማሳ እንደ ፎቅ ቤት ነው። ከሁሉ በላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሾላው ጥላውን ዘርግቶ ይቆማል። ከእርሱ ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎደሬው፣ ጎመኑና ቦሎቄው። የብርብራው ቅጠል ረግፎ ሲበሰብስ መሬቱን ያዳብረዋል። እንሰቱ ውኃ በግንዱ ስለሚይዝ በበጋ ቡናውን ያቀዘቅዘዋል። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ብዙም አይታይም፤ ሥራው በመቆፈሪያ ነው። ዳገቱ ሰው ቢቆምበት የሚያንሸራትት ሆኖ ሳለ አፈሩ ታጥቦ ያልሄደው ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ስለያዘው ነው።

በዚህ ዳገት ላይ የሚኖረው ሰው ብዛት ደግሞ ያስደንቃል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 847 ሺህ ገደማ ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በሚኖርበት ገጠር ዛፍ ቆሞ መገኘቱ ብዙ ተመራማሪዎችን ስቧል። የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2002 ሆላንድ አገር ለዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ላይ ይህ አያያዝ አምስት ሺህ ዓመት የዘለቀ ይሆን ወይ ብለው ርዕሱን በጥያቄ ምልክት ነው ያስቀመጡት። መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የባሌ ተራሮች ፓርክም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው። የጌዴኦ ምዝገባ ማሳውን ብቻ አይደለም የያዘው፤ የአባቶች ዛፎችንና ትክል ድንጋዮችንም ጭምር ነው። የእኔ ችግር የጀመረውም እዚህ ላይ ነበር።

በዚያ ሰሞን በማስተምረው የእህቶች ክፍል ውስጥ የጌዴኦ ተወላጅ የሆነች አንዲት ወጣት ነበረች። ስልኳን ከፍታ የድንጋዮቹን ፎቶ እያሳየች “አገሬ በዓለም ተመዘገበ!” ስትል ፊቷ ያበራ ነበር። እኔ ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ምሩቅነቴ ተነሣና በሁሉ ፊት “ይህ የአባቶችሽ ጨለማ ነው፤ የምንደሰትበት አይደለም” አልኳት። ልጅቷ ስልኳን ዘግታ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ አልመጣችም። ስትመለስም ከኋላ ወንበር ሆነች። ይህንን ለባለቤቴ አልነገርኩትም ነበር።

ዲላ ሞቃት ከተማ ናት። ባጃጁ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ የቡና ጭነት መኪናው መንገዱን ይጋፋበታል። አንድ ቀን የቆየነው ለአንድ ነገር ነበር፤ ያንን ሾላ ለማየት።

ታሪኩን ኮሌጅ ሳለሁ ነው ያነበብኩት፤ ዶን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ጌዴኦ በሌሎች ዘንድ ደራሳ እየተባለ ነበር የሚጠራው። ዋራሳ ዋንጌ የተባለ ሰው ሕዝቡ በስም የሚያውቀውን ፈጣሪ፣ ማጌኖን፣ ራስህን ግለጥልን ብሎ ይለምን ነበር። በራእይም ሁለት ነጭ ሰዎች ዲላ አጠገብ በትልቅ ሾላ ሥር ድንኳን ሲተክሉ፣ ኋላም ጣሪያው የሚያበራ ቤት ሲሠሩ አየ። ዓመታት አለፉ። በ1941 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዲሴምበር 1948፣ አልበርት ብራንትና ግሌን ኬን የተባሉ የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን በጭነት መኪና መጥተው ዲላ አጠገብ በሾላ ሥር ድንኳናቸውን ተከሉ። ጣሪያው የሚያበራው ቤትም ቆርቆሮ ክዳን ሆኖ ተገኘ።

ይህን ታሪክ ኮሌጅ ሳነበው አልቅሻለሁ። ባለቤቴ ግን ሲሰማው ሁልጊዜ ይቆጠቁጠዋል። “ሁለቱ ፈረንጆች በስማቸው ይታወሳሉ። የመኪናቸው ዓይነት እንኳ ተጽፏል። ከወላይታ በእግራቸው ስንቃቸውን ተሸክመው የመጡትን ወንጌላውያን ግን ማን በስም ይጠራቸዋል?” ይላል። እውነት አለው። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ ወላይታ ውስጥ የተጠመቁት ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ አማኙ ወደ 10 ሺህ ደርሶ አገኙት። ያንን ያደረጉት አገሬዎቹ ናቸው፤ ኋላም ወደ ሲዳማ፣ ወደ ጌዴኦ፣ ወደ ቡርጂ የወጡት እነርሱና ልጆቻቸው ናቸው። የባለቤቴ አባት ቃሉን የሰሙት ከአንድ እንዲህ ካለ ወላይታ ነበር። የሰውየውን ስም ቤተሰቡ ያውቀዋል፤ በየትም መጽሐፍ ላይ ግን አላየሁትም።

ሾላውን ጠየቅን። አንድ አባት ወደ ገበያው አመለከቱን። አንዲት ሴት “ድሮ ተቆርጧል” አለችን። ባጃጅ ነጂው ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ ይዞን ሄዶ አንድ ዋርካ አሳየንና አምሳ ብር ተቀበለን። ዋርካና ሾላ መለየት የማልችል የጉለሌ ልጅ እንኳ ይህን አወቅኩ። በነጋታው ወደ ወናጎ ሄድን።

ከወናጎ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ዝናብ ከነካው ሞተር ብስክሌት ነው የሚደፍረው። እኔ ከአንዱ ሞተር ኋላ፣ ባለቤቴ ከሌላው ኋላ ሆነን ወጣን። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነበር። እሸት ቡናው በየደጁ ቀልቶ ተሰጥቷል፤ ሽታው ጣፋጭም መራራም ነው። ይርጋጨፌ የሚባለው በዓለም የታወቀ ቡና የዚህ አገር ነው። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ውድ ዋጋ ከፍለን የምንጠጣው ያ ስም እዚህ የአንዲት እናት ወገብ ላይ የታሰረ ቅርጫት ነው።

አማቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። ዕድሜያቸውን ማንም በትክክል አያውቀውም፤ እርሳቸውም ግድ የላቸውም። አማርኛቸው ጥቂት፣ የእኔ ጌዴኡፋ ከዚያም ያነሰ ስለሆነ ሁልጊዜ በእጅ ነው የምንነጋገረው። ያን ቀን ግን ባለቤቴ አጠገባችን ቁጭ ብሎ አስተረጎመን፤ ከተጋባን ጀምሮ ከአማቴ ጋር እንዲህ የተነጋገርኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በራሱ ቋንቋ ሲናገር ባሌ ሌላ ሰው ነው። ድምፁ ይወፍራል፤ ይቀልዳል፤ እናቱን ያስቃል። እቤታችን እንዲህ ሲቀልድ አይቼው ስለማላውቅ ትንሽ ቀናሁ ብል አትፍረዱብኝ።

ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ መካከል አንድ ትልቅ ጉቶ አለ። ሦስት ሰው ቢቀመጥበት ይበቃል። ከዚህ በፊት በመጣሁ ቁጥር ልብስ የሚሰጣበት መስሎኝ ነበር፤ ልብስም ስለሚሰጣበት። አሁን “ይህ ምን ነበር?” ብዬ ጠየቅኩ። ባለቤቴ ዝም አለ። መልሱ የመጣው ከአማቴ ነው።

ያ ዛፍ የቤተሰቡ አያቶች ቅቤ የሚቀቡት፣ መሥዋዕት የሚያቀርቡበት ዛፍ ነበር። አማቼ ባመኑ በዓመቱ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ የጌዴዎንን ታሪክ ሰሙ። ጌዴዎን የአባቱን መሠዊያ አፍርሶ አጠገቡ ያለውን ዐፀድ በሌሊት እንደ ቆረጠ ታውቃላችሁ፤ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 ላይ ነው። አማቼ “ጌዴዎን፣ ጌዴኦ፤ ስማችን አንድ አይደለም እንዴ?” እያሉ ይቀልዱ ነበር ይባላል። መጥረቢያ ይዘው ወጡ። ጌዴዎን በሌሊት ነበር የቆረጠው፤ እርሳቸው ግን በጠራራ ፀሐይ ጎረቤት ሁሉ እያየ ነው። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። አባታቸው ሦስት ዓመት አላናገሯቸውም። ዘመዱ “ይሞታል” ብሎ ጠበቀ፤ አልሞቱም። ባልሞቱም ጊዜ ከመንደሩ ብዙ ሰው አመነ።

ይህንን ምስክርነት አማቼ በሕይወት ሳሉ ከመድረክ ሲናገሩት ሰምቻለሁ። ጉቶው ግን ከደጃቸው ያለው ይህ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። የታሪኩን ሌላ ግማሽም ከዚያ ቀን በፊት የነገረኝ አልነበረም።

አማቴ እንዲህ አሉን። ግንዱን ማቃጠል ፈልገው ነበር። ያ ወላይታዊ ወንጌላዊ ግን “እንጨቱ ምን አደረገህ?” ብሎ ከለከላቸው። ግንዱ ተጠረበና የመጀመሪያዋ የጸሎት ቤት ምሰሶ ሆነ። ጸሎት ቤቷ ያን ጊዜ የሣር ክዳን ነበረች፤ ዛሬ በቦታው ያለው ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ምሰሶው ግን አልተቀየረም። አማቼ ከዚያ በኋላ ክረምት በገባ ቁጥር ለማንም ሳይናገሩ ችግኝ ይተክሉ ነበር፤ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ አንዳንዴም ዝግባ። አንድ ጊዜ አማቴ ደፍረው “በዚያ ዛፍ ተጸጽተህ ነው?” ብለው ጠየቋቸው። “አልተጸጸትኩም” አሉ። “እኔ የቆረጥኩት አምልኮውን ነበር። ዛፉ መሐል ገብቶ ተቆረጠ።”

ባለቤቴ ይህንን ሲያስተረጉም ድምፁ ተሰበረ። እርሱም አልሰማውም ነበር።

ወደ ጸሎት ቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ውድ አንባቢዬ፣ ታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን ሲባል የላሊበላን ውቅር ወይም የጣናን ገዳማት የምታስብ ከሆነ እዚህ የምታየው ያሳዝንህ ይሆናል። የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከግንድ የተጠረበ መደዳ ወንበር፤ ወንዶች በቀኝ ሴቶች በግራ። የሚያምር ነገር አንድም የለበትም። ምሰሶው ግን መካከል ላይ ቆሟል፤ ከእጅ ብዛት ልሙጥ ሆኗል፤ ጠቁሯል። ከታች በኩል በከሰል የተሳሉ መስመሮች አሉበት፤ ቤት፣ ላም፣ ፀሐይ። “የሕፃናት ክፍል ሥራ ነው?” ብዬ ጠየቅኩ። አልነበረም።

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያና ሰኔ ላይ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር። ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥት ሕንፃዎች፣ ቤተ ክርስቲያናት በሰው ተሞሉ። ይህች ጸሎት ቤትም ያን ክረምት ተፈናቃዮች ይዛ ነበር። ሥዕሉን የሳሉት የእነርሱ ልጆች ናቸው፤ ጥለውት የመጡትን ቤታቸውን ነው የሳሉት። ሽማግሌዎቹ ኋላ ግድግዳውን ሲያስመርጉ ምሰሶውን ግን አታጥቡት ብለው ተዉት።

ምን አበላችኋቸው ብዬ ስጠይቅ አማቴ ወደ እንሰቱ አመለከቱኝ። እንሰት ከተተከለ ዓመታት ጠብቆ ነው የሚፋቀው። ጤፍ እንኳ ቢሆን አጭደህ አስገብተህ ትበላለህ፤ እንሰት ግን እንደ ቆመ የሚጠብቅ ጎተራ ነው። ያን ክረምት ያልደረሰው እንሰት ሳይቀር ተነቀለ። ሴቶቹ ሌሊት እየፋቁ ቀን ቆጮ እየጋገሩ ከረሙ። የእኔ አማት ብቻቸውን ሃያ ስድስት እግር እንሰት እንደ ነቀሉ ነገሩኝ። እያንዳንዱ የቆመበትን ቦታ ያስታውሱታል፤ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ እያሉ አሳዩኝ። በምትኩ የተተከለው አሁን ከእኔ ቁመት በላይ ነው። ያን ክረምት እኛ አዲስ አበባ ሆነን ብርድ ልብስ አሰባስበን ልከናል፤ የሚያስመሰግን ሥራ የሠራን መስሎኝ ነበር።

ማታ ላይ ባለቤቴ “ነገ ቱቱ ፈላ እንሂድ” አለ። የትክል ድንጋዮቹ ቦታ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከአጥቢያው ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የአማቼ ወዳጅ፣ ከእኛ ጋር ቡና እየጠጡ ነበር። ሲኒያቸውን አስቀመጡና “ፓስተር፣ እሁድ አንተ ነህ የምትሰብክልን። ቅዳሜ እዚያ ታይተህ እሁድ መድረክ ላይ ብትቆም ሰው ምን ይላል?” አሉት። በትሕትና ነበር የተናገሩት። እኔ በልቤ “አሜን” አልኩ።

ያን ሌሊት አማቴን እንዳንቀሰቅስ በሹክሹክታ ተጣላን። እኔ ጳውሎስ ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን አነሣሁ፤ ለአንተ ምንም ባይሆን ደካማውን ወንድም ታሰናክላለህ አልኩት። እሱ “ድንጋዮቹ መቃብር ናቸው። አንቺ የአባትሽን መቃብር ጉለሌ ሄደሽ አበባ ታስቀምጪ የለም?” አለኝ። “የእኔ አባት አማኝ ነበር” አልኩ። ካፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። “የእኔ አያት ወንጌል ሳይደርሰው ሞተ። አያቴ ስለሆነ ግን አላፍርበትም” አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በጨለማው ውስጥ ያቺ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ነገርኩት። ሳይዞር ሰማኝ። “እና ምን አለችሽ?” “ምንም አላለችኝም፤ ስልኳን ዘጋች።” ከዚያ በኋላ ዞረና እጄን ያዘኝ፤ አልመከረኝም፤ አልገሠጸኝም። ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህን ያልኩት ምክር ለመስጠት አይደለም፤ የሆነው ስለሆነ ነው።

ጠዋት አብሬው ሄድኩ።

ቱቱ ፈላ ጉም ነበር። ድንጋዮቹ መጀመሪያ ሲታዩኝ የተሰበሰበ ሰው መሰሉኝ። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንዳንዱ ዘምሞ፣ አንዳንዱ ወድቆ ሣር ለብሶ። በመቶዎች ናቸው። ብዙዎቹ ፊት አላቸው፤ ክብ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ደረታቸው ላይ ጎድን የሚመስል መስመር። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ያደረጉም አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ የወንድነት ምልክት ቅርጽ ናቸው። አርታኢያችን ይህን ዓረፍተ ነገር ካወጣው አልቀየመውም። እንደነዚህ ያሉት በብዛት የሚገኙት ወደ ጨለለቅቱ በኩል ባለው ጨልባ ቱቱቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቱቱ ፈላን የቆፈሩት ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም እንዳሳዩት አንዳንዱ ፊት ያለው ድንጋይ ቀድሞ ያኛው ቅርጽ የነበረው ነው፤ የኋላ ሰዎች መልሰው ጠርበው ሰው አደረጉት። ከሥሩም የሰው አፅም ተገኝቷል። ባለቤቴ እንዳለው መቃብር ነው።

በጌዴኦ እንዲህ ያሉ ትክል ድንጋዮች በሺዎች ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳካሮ ሶዶ ከተባለው ሥፍራ የወሰዱትን ናሙና መርምረው ዕድሜው ቀድሞ ከሚታሰበው በሺህ ዓመት እንደሚበልጥ አስታውቀዋል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ማለት ነው። ይህን ባለቤቴ ሲነግረኝ አጠገቤ በነበረው ድንጋይ ላይ እጄን አሳርፌ ነበር። የሳካሮ ሶዶው ድንጋይ የቆመው ጌታችን በገሊላ በተመላለሰበት ዘመን ገደማ ነው። ጴጥሮስ መረቡን ሲጠግን እዚህ አገር አንድ ሰው ሌላውን ሰው ቀብሮ፣ ድንጋይ ከሩቅ አምጥቶ፣ እንዳይረሳ ብሎ አቁሟል። ኢያሱም ዮርዳኖስን ሲሻገር አሥራ ሁለት ድንጋይ አቁሞ የለም? ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ እንድትነግሯቸው ብሎ። አብርሃምም ቤርሳቤህ ላይ ዛፍ ተክሎ በዚያ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቷል። የጌዴዎንን መጥረቢያ ስናስተምር ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንን አጠገቡ አስቀምጬ አስተምሬው አላውቅም።

ይህን ስል ሁሉም ነገር ተፈታልኝ ማለቴ አይደለም። በየዛፉ ሥር ቅቤ መቀባት ቢጀመር ዛሬም እቃወማለሁ። በሌላ በኩል አንድ ነገር ማስተባበል አልችልም፤ በዚያው ቆጠራ መሠረት ከጌዴኦ ሕዝብ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ፕሮቴስታንት ነው። የአባቶች ዛፍ ተቆረጠ ሲባል የሚቆርጠው እጅ በአብዛኛው የእኛው ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚቆርጡበትን ሶንጎ እንኳ አምልኮ መስሎን የሸሸን አለን። ከአማቼ በኋላ የመጣነው እኛ መጥረቢያውን ወርሰናል፤ ችግኙን ግን ማን እንደ ወረሰ እንጃ።

ስልኬን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩና ከሁሉ ዝቅ ያለችውን፣ አንገቷ የተሰበረውን አንዷን ድንጋይ ፎቶ አነሣኋት። ለዚያች ልጅ ልልከው ነበር። ምን ብዬ እንደምጽፍበት ስላላወቅኩ ፎቶው እስካሁን ስልኬ ውስጥ ነው።

እሁድ ባለቤቴ ሰበከ። ስለ ድንጋዮቹ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ከዘዳግም ስለ መጻተኛና ስለ ድሃ አደግ ነው የሰበከው። በሴቶቹ በኩል ከአማቴ አጠገብ ተቀምጬ ምሰሶው ላይ የተሳለችውን ላም ስመለከት ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሞተሮቹን ስንጠብቅ እኒያ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ። የተቆጡ መስሎኝ ተነሥቼ ቆምኩ። ባለቤቴ ሻንጣ እያሰረ ስለነበር ወደ እኔ ቀረብ አሉ።

“ሄዳችሁ አሉ።”

“አዎ አባባ፤ ሄድን። አስቀየምንዎት?”

መልስ አልሰጡኝም። ወደ ኋላቸው ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ እንዳልቀርብ ከለከለኝ። ካመንኩ በኋላ ደግሞ ራሴን ከለከልኩ። ዓይን አላቸው ይባላል፤ እውነት ነው ልጄ?”

“አላቸው አባባ። ክብ ክብ ነው።”

“አፍስ?”

“አንዳንዶቹ አላቸው።”

ዱላቸውን መሬቱ ላይ ደገፍ አድርገው ጥቂት አሰቡ። “ሩቅ አይደለም አይደል?” አሉኝ። በእግር ስንት እንደ ፈጀብን ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ሞተሮቹ መጡ። አማቴ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና እስከ ሐዋሳ ድረስ አውቶቡሱን በሙሉ አሸተተው።